የግል ሣጥን የሕዝብ ቅርስ ሲሆን፦ ከሐረር እስከ ጁባ

ነጋዴ ዕቃ የሚይዘው ለመሸጥ ነው። የማይሸጥ ዕቃ መጋዘን ያጣብባል፣ ገንዘብ ያስራል፣ ሲቆይም ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲገዛና ሲሰበስብ ኖሮ፣ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ጊዜ ሳይሸጥ ለሕዝብ ሰጠ ሲባል ስንሰማ ብዙዎቻችን ግራ እንጋባለን። «ጤነኛ ነው?» የሚልም አይጠፋም።

በታሪክ ግን እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከመካከላቸውም እንደ እኛ ከአገር አገር ዕቃ ያመላለሱ፣ መኪና የነዱ፣ ውል የተዋዋሉ አሉ። በዚህ ጽሑፍ ከቻይና የቀለም ሥዕል ተነሥተን ወደ ሐረር፣ ወደ ስድስት ኪሎ፣ በመጨረሻም ወደምንኖርባት ጁባ እንመጣለን። ዘመናቱ ለየት ብሎ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጭነት መኪና ነጂውና የሊፍት ነጋዴው

ማይክል ሱሊቫን በ1916 በካናዳ ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ ሰው ነው። በ1940 ወደ ቻይና ሲሄድ ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነበር፤ በጃፓን ወረራ ለተጎዳችው ቻይና ለቀይ መስቀል መድኃኒት ያመላልስ ነበር። መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር ከኒሙሌ ጁባ አስፋልት ሳይነጠፍ በፊት የነዳ ሰው አይጠፋውም። ሱሊቫን እዚያው ዉ ኽዋን ከምትባል የባክቴሪያ ተመራማሪ ጋር ተዋውቆ በ1943 ተጋቡ። በእርሷ በኩልም ከጦርነቱ ሸሽተው ወደ ሲቿን ክፍለ ሀገር ከገቡ ሠዓልያን ጋር ወዳጅ ሆነ።

ሠዓልያኑ ድሆች ነበሩ። ሥዕላቸውን የሚገዛ ገበያም አልነበረም። ለወዳጅ የሚሰጡት ስጦታ ሥዕላቸው ብቻ ስለነበር ለባልና ሚስቱ እሱን ሰጧቸው። ስብስቡ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ በግዢ ሳይሆን በወዳጅነት። ሱሊቫን በኋላ የቻይና ዘመናዊ ሥነ ጥበብን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁ ቀዳሚ ምሁራን አንዱ ሆነ። ባለቤቱ በ2003 አረፈች። እሱም በ2013፣ በ96 ዓመቱ ሲሞት ከ400 በላይ ሥራዎችን በኦክስፎርድ ለሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም በኑዛዜ ተወ። በስማቸው የተሰየመው አዳራሽ ዛሬም አለ።

ሁለተኛው ሰው ከእኛ ሙያ የበለጠ የቀረበ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኡሊ ሲግ በ1979 ወደ ቻይና የሄደው ሺንድለር የተባለውን የሊፍት ኩባንያ ወክሎ ነበር። በ1980 የፈረመው የሽርክና ውል ቻይና ከምዕራባውያን ኢንዱስትሪ ጋር ካደረገቻቸው ውሎች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ከ1995 እስከ 1998 ደግሞ በቤጂንግ የአገሩ አምባሳደር ነበር። በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ወጣት ቻይናውያን ሠዓልያን ብዙ ይሠራሉ፣ ነገር ግን የአገሪቱን የዘመኑን ሥነ ጥበብ በሥርዓት የሚሰበስብ አንድም ተቋም የለም። ስለዚህ እሱ ሰበሰበ። የራሱን ምርጫ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ብሔራዊ ሙዚየም ቢኖር ኖሮ ሊይዘው ይገባ የነበረውን ሁሉ ለመያዝ ሞከረ።

በ2012 ለሆንግ ኮንጉ ኤም ፕላስ ሙዚየም 1,463 ሥራዎችን በስጦታ ሰጠ፤ ሌሎች 47 ሥራዎችን ደግሞ በ177 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ሸጠ። በነጻ የሰጠው ብቻ በዚያን ጊዜ 1.3 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተገምቶ ነበር። ነጋዴ የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ለምን ሁሉንም አልሸጠም? መልሱ ስብስብ ከሚለው ቃል ውስጥ አለ። ሥዕሎቹ በጨረታ አንድ በአንድ ቢሸጡ ኖሮ አንዱ ለንደን፣ አንዱ ኒውዮርክ፣ አንዱ ጄኔቭ ይቀራሉ፤ ቻይናውያን ልጆች የአባቶቻቸውን ዘመን በአንድ ቤት ውስጥ አያዩትም። ዕቃው ተሽጦ ይተርፍ ይሆናል፤ ስብስቡ ግን ይጠፋል።

ጥላሸት፣ ሙጫና ውሃ

የቻይና የቀለም ሥዕል ለእኛ እንግዳ የሚመስለውን ያህል እንግዳ አይደለም። ቀለሙ የሚሠራው ከጥላሸትና ከሙጫ ነው፤ ተጋግሮ እንደ ዱላ ይደርቃል፣ ሠዓሊው ከውሃ ጋር በድንጋይ ላይ ፈጭቶ በብሩሽ ይነክራል። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚመጥ ስሕተት አይፋቅም፤ እጅ ካመነታ ማመንታቱም ይታያል። ሲጽፉና ሲሥሉ የሚይዙት ብሩሽ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥሩ ጸሐፊና ጥሩ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

የእኛም ደብተራ ጥቁር ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዘጋጅቶ ለወራት ያብላላው ነበር። በብራና ላይ ሲጽፍ የቅዱሳንን ስም በቀይ ይለያል። የሐረር ጸሐፊም በወረቀት ላይ በመቃ ብዕር ሲጽፍ ጥቁሩንና ቀዩን እንዲሁ ያፈራርቃል። ሦስቱም አገር የራሱን ፊደልና የራሱን እምነት ይዞ፣ ከምድጃ በወጣ ጥላሸት የሚያስበውን ለልጅ ልጅ አስተላለፈ። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው፤ የተጻፈውን ማን ጠበቀው በሚለው ላይ።

ሐረር፦ የነጋዴዎች ከተማ፣ የመጻሕፍት ከተማ

ሐረር ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች ወደ መሀል አገር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ የቆመች ከተማ ናት። ቡና፣ ጫት፣ ሱፍ፣ የዝሆን ጥርስና ጨርቅ ይገላበጥባት ነበር። አሚሮቿ የራሳቸውን ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። የጁገልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር እንደሆነ ይነገራል። ዩኔስኮ በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት ቆጥሯል። ቻይናም ቢሆን ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለችም። ከ2015 ጀምሮ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ሐርላ በተደረገው ቁፋሮ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከህንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ስብርባሪ ተገኝቷል። ዛሬ ከጓንጁ ኮንቴይነር የሚያስጭን ወገናችን የጀመረው አዲስ ነገር የለም፤ መንገዱ ብቻ ረዝሟል።

ከሐረር ገበያ ለየት የሚለው ግን መጽሐፍ ነው። በአረብ ነጋዴ ስም ጉዞውን የጀመረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሲቆይ፣ ካደነቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የከተማዋ የመጽሐፍ ጥራዝ ነበር፤ በጥንካሬውና በውበቱ ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር እንደሌለ ጽፏል። መጻሕፍቱ ቁርአን፣ የሕግ ትምህርት፣ የመውሊድ ንባብና ግጥም ናቸው። ከፊሉ በአረብኛ፣ ከፊሉ ደግሞ በአረብኛ ፊደል በተጻፈ በሐረሪ ቋንቋ ነው፤ ይህን አጻጻፍ ዐጀሚ ይሉታል።

ወረቀቱ ራሱ የንግድ ታሪክ ነው። የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረር መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የተጻፉት ከጣልያን አገር በመጣ ወረቀት ላይ ነው። ገጹን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለሚያይ ሰው በውስጡ ሦስት ጨረቃዎች ይታያሉ፤ የፋብሪካው ምልክት ነው። ያ ወረቀት በመርከብ ግብፅ ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ዘይላ ደርሶ፣ በግመል ጁገል ገብቷል። አንድ ስሙ የማይታወቅ ሲራራ ነጋዴ ባያመጣው ኖሮ ጸሐፊው የሚጽፍበት አይኖረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐረር ብዙ አየች። ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባች። በ1902 የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ከሐረር ተቀነሰ። በ1948 ከተነሣው የፖለቲካ ውጥረትና እስራት በኋላ ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። በ1975 የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ሌላ ስደት ተከተለ። ቤት ሲዘጋ፣ ቤተሰብ ሲበተን፣ መጽሐፉ በሣጥን ውስጥ ይቀራል። ሣጥኑን የሚከፍተው ልጅ ፊደሉን የማያነብ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ አሮጌ ወረቀት ይሆናል። ደላላና የውጭ አገር ገዢ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ

አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረር ልጅ ናቸው። የሕዝባቸው ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ባልነበረበት ዘመን አደጉ። ወደ 1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የሐረርን ነገር ሁሉ መሰብሰብ ጀመሩ፤ የድሮ ዘፈን ቅጂዎች፣ ሳንቲሞች፣ የሙሽራ ልብስና ጌጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ የቤት ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ የእጅ ጽሑፍ። ሲጀምሩ ደጋፊ ድርጅት አልነበራቸውም፤ የሚገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነበር።

በጊዜ ብዛት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሰውዬው ለንግድ እንዳልሰበሰቡ የከተማው ሰው ሲረዳ፣ የሣጥኑን ዕቃ ራሱ አምጥቶ ይሰጣቸው ጀመር። የአያቱን ቁርአን የሚያመጣ አለ፤ የእናቷን አምባር የምታመጣ አለች። በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። አንድ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን ዕቃ ለባዕድ ሰው ሲሰጥ የሚሰጠው አመኔታውን ነው። ይህን አመኔታ በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ የሚገኘው በዓመታት ብዛትና ዕቃው ሳይሸጥ ቆይቶ በመታየቱ ነው። ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ ዱቤ የሚሰጠን ሰው ዱቤ የሚሰጠን ለምን እንደሆነ እናውቃለንና።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አቶ አብዱላሂ መኖሪያ ቤታቸውን ለጎብኚ ክፍት አደረጉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የግል ሙዚየም ነው የሚባለው ይኸው ነው። ቤቱ ሲጠብ በ2000ዎቹ የክልሉ መንግሥት በጁገል ውስጥ ያለውንና የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ታሪካዊ ሕንጻ ሰጣቸው። በእንጨት ቅርጽ የተሸለመውን ይህን ቤት ያሠራው የህንድ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል፤ ራስ ተፈሪም የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ አሳልፈዋል ይባላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነጋዴ ባሠራው፣ አንድ መስፍን በኖረበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ግለሰብ የሰበሰበው የብዙ ቤተሰብ ቅርስ ተቀምጧል። የእጅ ጽሑፉ ብቻ ከሺህ በላይ ነው። የተበጣጠሰው በድሮው የሐረር የጥራዝ ጥበብ ይጠገናል፤ እንዳይጠፋም በፎቶግራፍ ይቀዳል።

ከኡሊ ሲግ ጋር ሲወዳደር የገንዘቡ መጠን አይገናኝም። ያስተዋሉት ክፍተት ግን አንድ ነው፦ መንግሥት መሰብሰብ ሲገባው አልሰበሰበም፣ ነገሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ስጦታው የተጻፈበት ገጽ

ሙዚየም የሚለው ቃል አዲስ ቢሆንም የግል ንብረትን ለሕዝብ መስጠት በአገራችን አዲስ አይደለም። በብዙ የሐረር መጻሕፍት ላይ የወቅፍ ጽሑፍ ይገኛል፤ መጽሐፉን ማን እንደሰጠ፣ ለየትኛው መስጊድ ወይም ለማን ጥቅም እንደሰጠ፣ እንደማይሸጥና እንደማይወረስ ይናገራል። በገዳማትና በአድባራት የብራና መጻሕፍትም ላይ እንዲሁ የሰጪው ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ብዙ ጊዜም የሰረቀውን ወይም የሰጪውን ስም የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያወቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስጦታ በአፍ ብቻ ከሆነ ተቀባዩ ሲሞት ስጦታውም ይሞታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ሙዚየሞች የሚፈራረሙት የስጦታ ውል የዚያው ዘመናዊ መልክ ነው። ውግዘቱ በሕግ አንቀጽ ተተካ እንጂ ጥያቄዎቹ አልተለወጡም፦ ምን ተሰጠ? ስንት ነው? ለማን? በምን ሁኔታ? ቢሸጥስ?

ስድስት ኪሎ

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቆመው ራሱ በስጦታ ቤት ውስጥ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1960 በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት፣ የታገቱ ባለሥልጣናት በዚያ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ፣ በ1961፣ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተቋሙ በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆነ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጀው ደግሞ በ1950 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖላንዳዊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበር።

በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ሰው በአዲስ አበባ ገበያ ውስጥ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደ ተራ ዕቃ ገዝቶ ይሄድ ነበር። በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው ሥዕሎቹን ከዚያው ገበያ፣ ከነጋዴው እጅ ገዝተው ለሙዚየሙ ይሰጡ ነበር። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የኢትዮጵያ የገበታ ሥዕል ስብስቦች አንዱ የሆነው በዚህ መንገድ ጭምር ነው። ነጋዴው በዚህ ታሪክ ውስጥ በሁለቱም በኩል አለ፤ ያወጣውም እሱ ነው፣ ያቆየውም እሱ ነው።

ወደ ዘመናዊው ሥዕል ስንመጣ ደግሞ የሐረርን ስም እንደገና እናገኛለን። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የብራና ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። ልጁ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ረቂቅ ሥዕልን ለኢትዮጵያ ተመልካች ያስተዋወቀ፣ በቅኔውም የታወቀ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ተሰደደና በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሎተን በተባለች ከተማ አረፈ።

በሕይወት እያለ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሥዕሎቹ ግን ተመለሱ። በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥራዎቹ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጥተው፣ በ2008 በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። የባለቤቱ እግር ያልረገጠውን የመመለሻ መንገድ ሥዕሉ ሄደበት። እኛ ከአገር ርቀን የምንኖር ሰዎች ይህን በቀላሉ አናልፈውም።

ጁባ፦ በድንኳን ውስጥ የቆየ አገር

ጁባም የራሷ የሣጥን ታሪክ አላት። በ1972 በተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ደቡብ ሱዳን የራሷን ክልላዊ አስተዳደር ስታገኝ፣ በየአውራጃው የተበተኑትን የመንግሥት ሰነዶች በጁባ መሰብሰብ ተጀመረ። ጦርነቱ በ1983 እንደገና ሲነሣ ሥራው ቆመ። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ሰነዶቹ ከየተጣሉበት ተሰብስበው ለዓመታት በአንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተከማችተው ቆዩ። ከዝናብ፣ ከምስጥና ከአይጥ ጋር የነበረውን ትግል የጁባን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይገምተዋል። በኋላ የባህል ሚኒስቴርና ስምጥ ሸለቆ ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት አብረው ሰነዶቹን ለይተው፣ አስተካክለው፣ በኮምፒውተር መቅዳት ያዙ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ያለው የዚህ አገር ግብር፣ የመሬት ክርክር፣ የንግድ ፈቃድና የድንበር ነገር በዚያ ውስጥ አለ። አዲሲቱ አገር በ2011 ነጻነቷን ስታውጅ የመንግሥቷ ማስታወሻ በዚያ ዓይነት ሁኔታ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እንናገር። ሐበሻ ነጋዴ በብዛት ወደ ጁባ የገባው ከ2005 ወዲህ ነው። ሆቴል ከፈተ፣ ምግብ ቤት ከፈተ፣ የግንባታ ዕቃ አመጣ፣ ውሃ በቦቴ አመላለሰ። ይህች ከተማ ከቆርቆሮ ወደ ፎቅ ስትሄድ አብሮ ነበር። ታኅሣሥ 2013 እና ሐምሌ 2016 ጦርነት ሲነሣም አብሮ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሱቁን ዘግቶ የወጣ ሰው የያዘው ፓስፖርቱንና በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ነው። የዱቤ መዝገቡ፣ የመጀመሪያው የንግድ ፈቃድ፣ ከሠራተኞቹ ጋር በምርቃቱ ቀን የተነሣው ፎቶ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈው የምግብ ዝርዝር እዚያው ቀረ። ኪሳራውን የቆጠርነው በዶላር ነው። ያንን ግን የቆጠረው የለም።

ሃያ ዓመት ለታሪክ አጭር ነው ሊባል ይችላል። ሱሊቫን የወዳጆቹን ሥዕል ሲቀበል ሥዕሎቹ ገና ቀለማቸው ያልደረቀ ነበሩ። ሲግም የገዛው የዘመኑን ሰዎች ሥራ ነው። አቶ አብዱላሂ የዘፈን ካሴት ሲሰበስቡ ካሴቱ በየሱቁ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ለቅርስነት የሚበቃው ነገር ዋጋ በሌለው ጊዜ ካልተያዘ፣ ዋጋ ባገኘ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል።

ነጋዴ ማድረግ የሚችለው

መጀመሪያ ማድረግ የሌለበትን እንናገር። ጥንታዊ ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የቆየ ቁርአን ወይም መስቀል በጭነት መካከል አሳልፎ ማውጣት ወንጀል ነው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ዕቃ የሚያመላልስ ሰው በማያውቀው ጥቅል መጠየቁ ስለሚመጣ፣ «ይህችን ብቻ አድርስልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ማድረግ የሚቻለው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ በየወሩ መጋዘን የምንቆጥር ሰዎች ነን። በቤታችን ያለውን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ ፈቃድ፣ የዱቤ መዝገብና የማኅበር ቃለ ጉባኤ እንደ ዕቃ ቆጠራ በአንድ ደብተር እንመዝግብ። በፎቶው ጀርባ በእርሳስ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ማን፣ የት፣ መቼ። በስክሪብቶ ሲጻፍ ቀለሙ ወደ ፊት ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም በስልክ ማንሣትና አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ዘመድ መላክ ይቻላል፤ በአንድ ከተማ ያለ በአንድ ቀን ይቃጠላልና። የዱቤ መዝገብ ላይ የሌላ ሰው ዕዳና ስም ስላለ እሱን ለማሳየት የባለቤቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለማኅበር ወይም ለተቋም የሚሰጥ ሰው ካለ በቃል አይስጥ። ሁለት ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የዕቃው ዝርዝር፣ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ መሸጥ ይቻል ወይም አይቻል እንደሆነ፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ያለ ርክክብ ሰነድ አንድ ኩንታል ስኳር የማያስረክብ ነጋዴ የቤተሰቡን ታሪክ ያለ ሰነድ ማስረከብ የለበትም።

ቤት ውስጥ ለሚቀረው ደግሞ አንባቢ ያስፈልጋል። ጁባ ተወልደው በእንግሊዝኛና በጁባ አረብኛ የሚማሩ ልጆቻችን የአባታቸውን የአማርኛ መዝገብ ማንበብ ካልቻሉ፣ ሣጥኑ ቢተርፍም እንደዚያ እንደ ሐረሩ ሣጥን አሮጌ ወረቀት ይሆንባቸዋል። በዚህ ክረምት መንገዱ ሲዘጋና ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ አንድ አልበም ማገላበጥና በየፎቶው ጀርባ ስሙን እነሱ ራሳቸው በአማርኛ እንዲጽፉ ማድረግ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።